የሁለት ጡረተኞች ዓመት፦ ከሽኝት እስከ ክርስትና

በዚህ ዓምድ የሰፈራችንን ሰዎች ኑሮ ስናስተዋውቃችሁ መቆየታችን ይታወሳል። ዛሬ ደግሞ በካኩማ አንድ የሚኖሩ ባልና ሚስት 2017 ዓ.ም.ን እንዴት እንዳሳለፉት እናወጋችኋለን። «የልጆቻችን ጉዳይ በእንጥልጥል ላይ ነው፣ ስማችን እንዳይወጣ» ብለው ስላስጠነቀቁን አባባ እና እማማ እያልን እንቀጥላለን። ለነገሩ ስም ባንጠራም ብዙዎቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ። ከሃያ ዓመት በላይ በክሊኒክ ሲያዋልዱ የኖሩትን እማማን የማታውቅ የካኩማ እናት አለች ለማለት ይቸግራል። አባባም ቢሆኑ ፓምፕ ሲቆም፣ ጄኔሬተር ሲያስል የሚጠሩ ሰው ነበሩ።

አባባ ሙያውን የቀሰሙት ድሬዳዋ፣ ከምድር ባቡር ወርክሾፕ ነው። በ18 ዓመታቸው ገብተው እስከ 1983 ዓ.ም. ሠርተዋል። ዛሬም መፍቻና ብሎን ሲያዙ ፈረንሳይኛ ጣል ያደርጋሉ። በዚያ ዓመት በሞያሌ በኩል ተሻግረው ዋልዳ ካምፕ ገቡ፤ ዋልዳ ሲዘጋ ወደ ካኩማ ተዛወሩ። የምድር ባቡሩ የጡረታ መዋጮ እዚያው ቀረ።

እንደሚታወቀው እኛ ካምፕ ውስጥ ሠርተን የምናገኘው «ኢንሴንቲቭ» ነው እንጂ ደመወዝ አይባልም፤ ጡረታም አይቆረጥበትም። ስለዚህ ባልና ሚስቱ በ2016 ዓ.ም. በዕድሜ ምክንያት ሥራ ሲያቆሙ የተሰጣቸው የምስጋና ወረቀትና አንድ የግድግዳ ሰዓት ነው። ሰዓቱ እስከ ዛሬ ይሠራል፤ አባባ ሁለት ጊዜ ጠግነውታል። «ጡረታ ወጥተሃል ሲሉኝ ሳቄ መጣ» ይላሉ። «መቼ ተቀጠርኩና?»

እውነቱን ለመናገር ሁለቱም ጡረታውን ካኩማ ላይ ሊያሳልፉት አላሰቡም ነበር። ሴት ልጃቸው አሜሪካ ሲያትል ከተማ ከገባች ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗታል፣ ወልዳለችም። የእነሱም ፕሮሰስ ስንት ዓመት ከተጎተተ በኋላ በ2017 ዓ.ም. መስከረም ላይ በድንገት ተንቀሳቀሰ። ኅዳር ላይ ሜዲካል አለፉ። ታኅሣሥ ላይ የኦሪየንቴሽኑን ትምህርት ተከታተሉ። እማማ ከትምህርቱ የወደዱት በረዶ ላይ እንዴት እንደሚኬድ የታየውን ነበር፤ ማታ ማታ ቤታቸው ውስጥ እየተለማመዱ ጎረቤቱን ያስቁ ነበር። በረራው ለጥር መጨረሻ ተያዘ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ በየሰፈሩ ስንቱ አድርጎታል። ከገና ማግስት ጀምሮ ዕቃው ይወጣ ጀመር። አልጋው ለደቡብ ሱዳናዊው ጎረቤት፣ የስፌት ማሽኑ ለሶማሌው ነጋዴ፣ ፍየሏ ከሰል ለምታመጣላቸው የቱርካና ሴት በጥቂት ገንዘብ ሄደ። ምጣዱ ለአንድ የራሳችን ሰው በነጻ ተሰጠ። የበረንዳው ቆርቆሮ ተነቅሎ ተሸጠ። የአባባ የመፍቻ ሳጥን፣ ማንም እንዳይነካው ሠላሳ ዓመት የተጠበቀው ሳጥን፣ አብሯቸው ይሠራ ለነበረው ወጣት ተመርቆ ተሰጠ። ቤቱን ደግሞ ሦስት ልጆች ይዛ ከዘመዷ ጋር ተጨናንቃ ትኖር ለነበረች አንዲት ወጣት እናት ለቀቁላት። ባዶ የዋለ ቤት ሌላ ሰው እንዳይገባበት ብለው ገና ሳይሄዱ ልጆቿን ይዛ እንድትገባ አደረጉ።

ጥር 12 ቀን፣ በቃና ዘገሊላ፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ጃንዋሪ 20 ቀን 2025፣ አዲሱ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሥልጣን በያዙበት ዕለት የስደተኞች ቅበላ እንዲቆም ትእዛዝ ፈረሙ። በዚያው ሳምንት የተያዙት በረራዎች ተሰረዙ። ለአባባ የተነገራቸው በስልክ ነው። ስልኩን ዘግተው ለእማማ ሳይነግሩ አንድ ሰዓት ያህል ውጭ ቁጭ አሉ። እማማ ግን ከፊታቸው አወቁ፤ «ሰው ሞተ?» ብለው ጠየቁ። «የለም፣ ቀረን» አሏቸው።

ነገሩ ቶሎ ይስተካከላል ብሎ የጠበቀ ነበር። ለማስታወስ ያህል፣ አሜሪካ ለ2025 የበጀት ዓመቷ የያዘችው ጣሪያ 125,000 ስደተኛ ነበር። በ2025 መጨረሻ ላይ ለ2026 የታወጀው ግን 7,500 ብቻ ሲሆን፣ እሱም በዋነኛነት ለደቡብ አፍሪካ አፍሪካነሮች እንዲሆን ተወስኗል። ቁጥሩን የምንጽፈው ማንንም ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም። «በሚቀጥለው ወር ይከፈታል» እየተባለ በየቡና ቤቱ የሚወራው ወሬ ብዙ ሰው ኑሮውን እንዳይጀምር አድርጎት ስላየን ነው።

ያን ዕለት ማታ ባልና ሚስቱ የሚተኙበት አልጋ አልነበራቸውም። ቤቱም የሰው ሆኗል። ወጣቷ እናት ልብሷን በፌስታል እየጠቀለለች፣ «እማማ፣ እኔ ወደ ዘመዴ ልመለስ» አለች። እማማ ተቆጡ። «ተቀመጪ! የሰጡት ነገር አይወሰድም።» አባባ ከጥግ ሆነው፣ «እሺ፣ ታዲያ እኛስ የት ልንገባ ነው?» ሲሉ ልጆቹ ሳቁ፤ ቀጥሎ ሁሉም ሳቁ፤ ቀጥሎ ደግሞ እማማ አለቀሱ። በማግስቱ አባባ ተማሪያቸው ዘንድ ሄደው የገዛ ራሳቸውን መሣሪያ ተዋሱ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ቤቱ በጭቃ ጡብ ግድግዳ ለሁለት ተከፈለ። በሩ አንድ ነው፣ ጣሪያውም አንድ ነው።

ስለ ዕቃው አመላለስ ትንሽ ማውጋት አለብን፤ ሰፈሩ ለሳምንታት ሌላ ወሬ አልነበረውምና።

ደቡብ ሱዳናዊው ጎረቤት ወሬውን እንደሰማ ማንም ሳይጠይቀው አልጋውን ከወንድ ልጆቹ ጋር ተሸክሞ መጣ። ከበር ላይ አስቀምጦ ሄደ። ገንዘቡን ሊመልሱለት ሲሉ እጁን ወደ ኋላ አደረገ። ሶማሌው ነጋዴ ነጋዴ ነውና ማሽኑን በነጻ አልመለሰም፤ ነገር ግን በገዛበት ዋጋ፣ ያለ ትርፍ፣ በየወሩ እየተከፈለ እንዲወስዱት ተስማማ። ለእኛ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። የቱርካናዋ ሴት ፍየሏን መለሰች፤ ግልገሏን ግን አልሰጥም አለች። «ግልገሏ እኔ ቤት ነው የተወለደችው» ነው ክርክሯ። አባባ ይሄን ሲያወሩ «ፍርዱ ትክክል ነው» ይላሉ። እማማ እስከ ዛሬ አልተስማሙም።

ምጣዱስ? ምጣዱ «ተሰበረ» ተባለ። የወሰደው ሰው የራሳችን ወገን ነው፣ ይህንን ጽሑፍም ሳያነበው አይቀርም። እኛ እንደ መምህርነታችን ሰውን በአደባባይ ማሳፈር አንወድም። ግን የእንጀራ ጭስ አይደበቅም፤ ረቡዕና ቅዳሜ ከግቢው ሲወጣ እናየዋለን።

ከዚያ ወዲያ የመጣው የቤት መከራ ነው። መጋቢት ላይ ያ የምናውቀው ነፋስ ከላጋው አቧራውን ይዞ ተነሣ። የበረንዳው ቆርቆሮ ስለተሸጠ በምትኩ የተወጠረው ሸራ ተገንጥሎ ሄደ፤ ከዋናው ጣሪያም ሁለት ቆርቆሮ ላላ። አባባ ማንንም ሳያማክሩ በርሜል ላይ ወንበር ደርበው ወጡ። የ71 ዓመት ሰው! ወደቁ፤ የግራ እጃቸው አንጓ ተሰበረ። ስድስት ሳምንት በጀሶ ታሰረ። እማማ በሕይወታቸው ያላዩት ደም የለም፣ ጣሪያ ላይ ለወጣ ሽማግሌ ግን ርኅራኄ አልነበራቸውም፤ አራት ቀን አላናገሯቸውም። በእነዚያ ቀናት መልእክት ያመላልሱ የነበሩት የወጣቷ እናት ልጆች ናቸው። «አባባን ሻይ ይፈልጋል ወይ በላቸው» ዓይነት።

በዚህ መሐል የወጣቷ እናት ትልቁ ልጅ፣ የ11 ዓመት ልጅ፣ የአባባ እጅ ሆነ። አባባ ወንበር ላይ ተቀምጠው «ወደ ግራ! ወደ ግራ አልኩህ፣ ግራህን አታውቅም እንዴ?» እያሉ ያዙታል፤ እሱ ይመታል፣ ይጠመዝዛል። ልጁ የኛ ተማሪ ነው። ክፍል ውስጥ ስለ መጠምዘዣና ስለ ማንሻ ስናስተምር ከኛ ቀድሞ በአባባ የብረት ዘንግ ምሳሌ አስረዳን። ጣሪያው እስከ ዛሬ አላፈሰሰም።

ምስጡ ደግሞ የሚያስቅ ነው። የተመለሰውን አልጋ በልቶት ኖሮ ለፋሲካ ሊጠይቁ የመጡ ሦስት እንግዶች አልጋው ላይ ጎን ለጎን እንደተቀመጡ አንዱ እግር ተሰበረ፤ ዶሮ ወጡን የያዘው ሰው ሳያፈስ መውደቁ ለብዙ ጊዜ ተወራለት። አሁን አራቱም የአልጋ እግሮች የተቃጠለ የሞተር ዘይት በተሞላ ቆርቆሮ ውስጥ ቆመዋል። ምስጥ ላስቸገራችሁ እንመክራለን፤ ሕፃናት እንዳይነኩት ብቻ ተጠንቀቁ።

በዚያው በሚያዝያ ወር የታራች ወንዝ በሌሊት ሞላ። ቤቱ ከላጋው ብዙ አይርቅም። ውሃው ጉልበት ድረስ ሲገባ ሦስቱን ልጆች አልጋ ላይ አስቀመጡ። ዱቄቱ ተበላሸ፤ ጀበናው ታጥቦ ሄዶ በማግስቱ ከሦስት ቤት በታች አጥር ውስጥ ተገኘ፣ ሳይሰበር። ሰነዶቹ ግን በአይ ኦ ኤም ነጭ ከረጢት ተጠቅልለው ከጣሪያው እንጨት ላይ ተንጠልጥለው ስለነበር አንዲት ጠብታ አልነካቸውም። የእናንተስ ሰነድ የት ነው ያለው? አልጋ ሥር ከሆነ ዛሬውኑ አንሱት።

ሌላም ጎርፍ መጥቶ ነበር፤ በስልክ። አንድ ሰው ደውሎ በጥሩ አማርኛ፣ «ኬዛችሁን ወደ ካናዳ አዞርላችኋለሁ» አለ። የልጃቸውን ስም ያውቃል፣ የበረራውን ቀን ያውቃል። የጠየቀው 40,000 ሺሊንግ ነው፤ ግማሹ በኤም ፔሳ ቀድሞ እንዲላክ። እማማ ሊያምኑት ምንም አልቀራቸውም፤ ልጃቸውን ለማየት የጓጓች እናት ናቸውና አንፈርድባቸውም። አባባ ስልኩን ተቀብለው፣ «ልጄ፣ ካናዳ ያለ ቲኬት በባቡር የሚያስኬድ ከሆነ ባቡሩን እኔ እጠግነዋለሁ» ብለው ዘጉት። ውድ አንባብያን፣ ምዝገባም ሆነ ኢንተርቪው ወይም ሪሴትልመንት በነጻ ነው። ገንዘብ የሚጠይቅ ሁሉ ሌባ ነው፣ አማርኛው የቱንም ያህል ቢያምር።

ጉዞ ወደ ናይሮቢ

ወንድ ልጃቸው ናይሮቢ ኢስሊ ውስጥ ይኖራል። ሚስቱ ሚያዝያ ላይ ሴት ልጅ ወለደች፤ የሴት ክርስትና በ80 ቀን ነውና ሐምሌ ላይ ሊውል ነው። ከካምፕ ለመውጣት ግን እንደምታውቁት የጉዞ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ «የልጅ ልጄን ክርስትና ላስነሣ» ለሚል ሰውም በቀላሉ አይሰጥም። እማማ የቀኝ ዓይናቸው በሞራ ተሸፍኖ ለምርመራ ቀጠሮ ይጠብቁ ነበር። ቀጠሮው በክርስትናው ሳምንት ሆነ። «ይሄ የእመቤታችን ሥራ ነው» ይላሉ፤ እኛም አልተከራከርንም። ለእማማ ለሕክምና፣ ለአባባ ለአስታማሚነት 14 ቀን ተፈቀደ። ወጪውን ልጃቸው ከሲያትል ላከች።

አውቶቡሱ ማታ ተነሣ። ሎድዋር፣ ሎኪቻር፣ ካይኑክ። በየኬላው ፖሊስ ሲገባ አባባ ፈቃዱን ገና ሳይጠየቁ ከፍ አድርገው ይይዛሉ። ሲነጋጋ መኪናው የማሪችን ዳገት ወደ ካፔንጉሪያ መውጣት ጀመረ። እማማ በአንድ ዓይናቸው አረንጓዴውን ሲያዩ ዝም አሉ። ከዚያ ብርዱ መጣ! የካኩማን ሙቀት የለመደ ሰው በነጠላ ብቻ ኪታሌና ኤልዶሬት ሲደርስ ምን እንደሚሆን ለሄዳችሁ አይነገርም። አባባ ሁለት ሸሚዝ ደርበው ነበርና አንዱን አውልቀው ሰጡ። የመጋቢቱ ኩርፊያ የተፈታው ያኔ ነው ይባላል።

ናይሮቢ ላይ ዓይኑ ተሠራ። የሞራ ቀዶ ሕክምና ሆስፒታል አያስተኛም፤ በገቡበት ቀን ነው የወጡት። በማግስቱ መሸፈኛው ሲነሣ እማማ መጀመሪያ ያዩት ባላቸውን ነው። «አንተ፣ ለካ እንዲህ አርጅተሃል!» አሉ። (አንባቢ አይደነቅ፣ የድሬ ሰው አንቱታ አያበዛም።) ቀጥሎ ሕፃኗን አዩ። አዋላጅ ናቸውና እንደ ልማዳቸው ጣቶቿን ቆጠሩ፣ እምብርቷን መረመሩ፣ ከዚያ ነው የሳሟት።

አባባ በበኩላቸው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ የባቡር ሙዚየሙን። ልጃቸው ወሰዳቸው። የጥንቶቹን የእንፋሎት ባቡሮች ሲያዩ ሰውየው ጡረታቸውን ረሱ። በ1900 እንደ ፈረንጅ ኪማ ጣቢያ ላይ አንበሳ ገብቶ የፖሊስ ሹሙን ጎትቶ ያወጣበት ፉርጎ እዚያው ቆሟል፤ አባባ ታሪኩን ለካኩማ ልጆች ሲያወሩ አንበሳው በየጊዜው ይተልቃል። ከሁሉ በላይ የያዛቸው ግን ሐዲዱ ነው። ጎንበስ ብለው ገና ባልጠነከረው እጃቸው በስንዝር ለኩት። «አንድ ሜትር! የኛው ነው!» እውነት ነው። ከሞምባሳ ተነሥቶ በ1901 ኪሱሙ የደረሰው የእንግሊዞቹ ሐዲድና ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1902 ድሬዳዋ የገባው የፈረንሳዮቹ ሐዲድ ስፋታቸው እኩል አንድ ሜትር ነው። ዛሬ በሁለቱም አገር አዲስና ሰፊ ሐዲድ ተዘርግቷል፤ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ በ2016፣ ከሞምባሳ ናይሮቢ በ2017 እንደ ፈረንጅ ተመርቋል። አባባ አዲሱን ባቡር ለማየት አልፈለጉም። «እሱ የሌላ ሰው ሥራ ነው» አሉ።

ክርስትናው ደመቀ፤ እንጀራው ከኢስሊ፣ ዳቦው ከእማማ እጅ። ፈተናው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ልጅየው «አትመለሱ» አለ። «ካኩማ ምን አላችሁ? ሕፃኗን እናቴ ትያዝልን፤ አንዱ ክፍል ይበቃችኋል።» እማማ ልባቸው ሄዶ ነበር። ሁለት ሌሊት ሳይተኙ ተከራከሩ። አባባ የፈቃዱን ቀን ያስባሉ፤ ቀኑ ካለፈ በኋላ በመንገድ ላይ መያዝ አለ፣ በጣት አሻራ ማረጋገጫ ቀን አለመገኘትም ሬሽንን ማጣት ነው፣ ኬዛቸውም ያለው ካኩማ ነው። እማማ ይህን ሁሉ ሰምተው አልተረቱም ነበር። የመለሳቸው የስልክ ጥሪ ነው፤ ትንሿ የቤታቸው ልጅ ትኩሳት ይዟት እናቷ ደውላ፣ «እማማ፣ ምን ላድርግ?» አለች። እማማ በስልክ እየመሩ አሳደሯት። በ14ኛው ቀን ካኩማ ገቡ። እኛ ብንሆን እንመለስ ነበር ወይ ብለን ተጠያይቀናል፤ በዝግጅት ክፍላችን ውስጥ እንኳ አልተስማማንም።

እንደተመለሱ ነሐሴ ላይ የዓለም ምግብ ፕሮግራም እርዳታ በምድብ የሚከፋፈልበት አሠራር ተጀመረ። በአንድ ጣሪያ ሥር ያሉት ሁለት ቤተሰቦች ለየብቻ የተመዘገቡ ናቸውና ሁለት ምድብ ውስጥ ወደቁ፤ ልጅቷ ከነልጆቿ የተሻለው ውስጥ፣ ሽማግሌዎቹ ከታች። ያኔ ወጣቷ እናት ግድግዳውን አንኳኩታ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ሁለት ድስት አይጣድም» አለች። እማማ ትንሽ ተግደረደሩ፣ አባባ ግን ወዲያው ሳህናቸውን ይዘው ሄዱ። አሁን ጠዋት ሻይ ከዚህ፣ ማታ ራት ከዚያ ነው። ስፌት ማሽኑም ወጪ ይሸፍናል፤ ዕዳው ሊያልቅ የሁለት ወር ክፍያ ቀርቶታል።

ከሁለቱ ሻንጣዎች አንዱን አባባ ፈተው ምስጥ እንዳይበላው ዱቄት አስቀምጠውበታል። ሌላኛውን እማማ አላስነኩም፤ ለሲያትሏ የልጅ ልጅ የተሰፋው ቀሚስ እንደታጠፈ ነው። ቀሚሱ ለሁለት ዓመት ልጅ የተሰፋ በመሆኑ አሁን እንደማይበቃት ያውቃሉ። ልጃቸው እሑድ ማታ ስትደውል፣ እዚያ ገና ጠዋት ነው፣ መጀመሪያ የምትጠይቀው «ሜዲካላችሁ አላለፈበትም?» ብላ ነው። አልፎበታል፤ መንገዱ ቢከፈት እንደ አዲስ መመርመር ይኖርባቸዋል።

የእማማ የግራ ዓይን ቀጠሮ ለጥር ተይዟል። የጉዞ ፈቃዱ ማመልከቻ ገብቷል፤ ይህ ዕትም እስከተዘጋጀበት ቀን ድረስ መልስ አልመጣም።